አንዲት ጎደለች

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት።
ቦሳ ቂጦ፣ የወጣት ማእከል የነበረው አዳራሽ፤
የፒንግ ፖንጉ ጠረጴዛ ግድግዳ ተደግፏል፣ የሚጫወት ሳይኖር፣ የሚያነሣው ሳይደርስ።
ሰባት ወንበር በክብ። ሰባት ሰው እግሩን ገልጦ፣
ካልሲውን ጫማው ውስጥ ወትፎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበት ጠቅልሎ ተቀምጦ።

ሲስተር ሌሊሴ ትዞራለች፣ ጎንበስ ቀና እያለች፣
"ቁንጥጥ ነው፣ ትንሽ ቁንጥጥ" ትላለች፤
ቻይና አገር ሁለት ዓመት ተምራ፣ መጥታ፣
መርፌ ትተክልብናለች እንደ ጎመን ችግኝ፣ በመደዳ፣ በዝግታ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።
አርባ ዓመት መርፌ በከንፈሬ ይዤ ያወራሁ፣
የስንቱን ወገብ የለካሁ፣ የስንቱን ቂጥ የጣፍሁ፤
መርካቶ በረንዳ ላይ ሲንጀሬን ስረግጥ፣ ስረግጥ፣
ቀኝ ትከሻዬ ከረረ፣ እንደ ረጠበ ገመድ፣ አልላላም አለ ቢጎትቱት ቢያሹት።
ብዙ ሆኛለሁ፤ ጨርቅ ግን ሆኜ አላውቅም።
ዛሬ ሆንኩ።

ጆሮዬ ላይ ሦስት። ቅልጥሜ ላይ ሁለት።
አያምም ማለት ውሸት፣ ያማል ማለትም ማካበድ፤
አንድ ሰው ከሩቅ ስምህን ጠርቶህ፣
ዞር ስትል እንደምታጣው ነው።
"አርባ ደቂቃ። እንዳትነቃነቁ" ብላ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

ከፊቴ የተተከለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው?
አባ ጊሳ!
ለልጁ ሰርግ ኮትና ሱሪ በኔ እጅ አሰፍቶ፣
"ሒሳቡን ለቅዳሜ" ብሎ፣ በዚያው ጠፍቶ፣
አሥራ አንድ ዓመቱ። ያቺ ቅዳሜ እስካሁን አልነጋችም።
እሱ በታች መንገድ፣ እኔ በላይ፣
ለቅሶ ቤት እንኳ አንድ ድንኳን ውስጥ ሳንተያይ።
አሁን ግን እሱ ግንባሩ ላይ አንዲት መርፌ እንደ ቀንድ አብቅሎ፣
እኔ ጆሮዬ ጃርት መስሎ፣
ተነሥቶ መሄድ የለ፤ ፊት ማዞር የለ፣
አንገቴም ላይ መርፌ አለ።

ዝናቡ መጣ። የጅማ ዝናብ፣ ሳያንኳኳ የሚገባ፣
ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚያባ።
መብራት ሄደ።
የአንዱ ስልክ ጮኸ፤ መንዙማ ነው ጥሪው።
ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ጮኸ። ማን ያንሣው?
"የኔ ነው፤ ልጄ ናት፣ ከጅዳ" አሉ እትዬ ጦይባ፣
"ሳላነሣ ስቀር ሞተች ብላ ታለቅሳለች፤ ትንሽ ታልቅስ በቃ።"
ባጃጅ ነጂው ፈረሰ በሳቅ፣ መርፌዎቹ አብረውት ተንቀጠቀጡ፤
"አታስቁን፣ ወገቤን!" አለች አንዷ ከጨለማው፤
ሰባታችንም ሳቅን፣ ከአንገት በላይ፣
ከልብ።

ከዚያ ዝም።
አባ ጊሳ አንኮራፋ።
በመስኮቱ ግራጫ ብርሃን ኮቱን አየሁት።
የኔ ነው። ያንን ኮሌታ የትም ባየው አላጣውም፣ በሻማ የሰፋሁት ነው።
ክርኑ ሳስቷል። ከሦስቱ ቁልፍ አንዱ የሌላ ልብስ ነው፣
ገበሩ ከብብቱ ሥር ተቀዶ እንደ ምላስ ወጥቷል።
ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ሌላ ኮት አልገዛም።

መብራት መጣ። ሲስተር ሌሊሴ ነቀለች፣ ቆጠረች፣
ደግማ ቆጠረች።
"አንዲት ጎደለች።"
ወንበር ሥር ታየ፣ ነጠላ ተራገፈ፣ ጫማ ተገለበጠ።
ልብስ ሰፊ መርፌን እንዲህ አይፈልጋትም፤
የት መደበቅ እንደምትወድ ያውቃል።
እጅጌው እጥፋት ላይ፣ ከራሴው ክር መሃል፣
ብልጭ አለች።

"እጅህን እንዳታሳርፍ" አልኩት።
ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ይኸው ነው።
እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ እንደሚገረዝ ልጅ ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቀኝ።
በሁለት ጣቴ ሳብኳት።
"ገበሩ ተቀዷል።"
"ተቀዷል" አለ።
"ሐሙስ አምጣው።"
ጫማውን ሲያጠልቅ ቆየ፣ ከሚገባው በላይ ቆየ።
"መቼ ይደርሳል?"
"ለቅዳሜ።"

ትከሻዬማ እንደነበረ ነው።
"ስድስቴ ሳትመጣ እንዳትፈርድ" ብላኛለች ሲስተር።
አዌቱ ሞልቷል፤ ድልድዩ ጋ ሰው ቆሞ ውሃውን ያያል፤
እኔም ጆሮዬን እያከክሁ ትንሽ ቆምኩ።